«ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው» አሉኝ፦ የሕግ ጽሑፍ ላስተምር ወይስ ይቅርብኝ?

ቀጠሮ በዛብኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው።

ጠበቃ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቢሮዬ ልደታ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ። ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የተማረ ልጅ ደወለልኝ። አሁን መሐል ከተማ ባለ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊነት ይዟል። «የሕግ ጽሑፍ የሚያስተምር አጥቼ ተቸግሬአለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፣ ነይልኝ» አለኝ። ሁለት ክሬዲት ነው። 16 ሳምንት፣ 48 ተማሪ። አብዛኞቹ ሥራ ውለው የሚማሩ ናቸው።

ክፍያውን ሲነግረኝ ዝም አልኩ። የሴሚስተሩ ድምር ሁለት መካከለኛ ክስ አዘጋጅቼ ከማገኘው አይበልጥም።

ግን ልቤ ከጀለው። በየቀኑ የሚደርሱኝ የመከላከያ መልሶች ናቸው ምክንያቱ። ትናንት ሰባት ገጽ ደረሰኝ። የመጀመሪያው አራት ነጥብ የመጣው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ተከሳሹ ብሩን ወስጃለሁ ይበል አልወሰድኩም ይበል ሳይገባኝ ሻዬ ቀዘቀዘ። እንደዚህ የሚጽፉት ሰነፎች አይደሉም። ማንም «ይሄ አይነበብም» ብሏቸው አያውቅም።

የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ብቻ» የሚለው እውነት ነው?

አራት ነጥብ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:25

እህቴ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ብቻ» ያለሽ ልጅ ወይ ይሄን ኮርስ አስተምሮ አያውቅም፣ ወይ በጣም ቸግሮታል። እኔ በፓርት ታይም ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ። ሒሳቡን ልንገርሽ።

ክፍል ውስጥ የምትቆሚው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። በ16 ሳምንት 32 ሰዓት። የሚከፈልሽ ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ ቤት የምትወስጂውን ቁጠሪ። 48 ተማሪ ሦስት ሦስት ጽሑፍ ካስረከቡሽ 144 ወረቀት ነው። አንዱን በ20 ደቂቃ ብታርሚ፣ ያውም ፈጥነሽ ነው፣ 48 ሰዓት ይወስድብሻል። እርማቱ ከማስተማሩ በለጠ ማለት ነው። ለእሱ ደግሞ የሚከፍልሽ የለም።

የውል ሕግ የሚያስተምር ሰው ፈተናውን አንዴ አርሞ ይገላገላል። ይሄኛው ኮርስ ያለ እርማት ምንም ነው። ሌክቸር ሰምቶ መጻፍ የቻለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ የሠራሁት ስህተት አለ፤ አንቺ እንዳትደግሚው። በመጀመሪያው ዓመት ያየሁትን ስህተት ሁሉ በቀይ አሰመርኩ። አንድ ልጅ ወረቀቱን ተቀበለኝ። አየው። ለአራት አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ሁለተኛውን ጽሑፍ ሲያመጣ ያው ነው፣ ቃል አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የማርመው። መጀመሪያ የዓረፍተ ነገር ርዝመትና ማን ምን አደረገ የሚለውን። ቀጥሎ የፍሬ ነገሩን ቅደም ተከተል። መጨረሻ ላይ ሕጉ ከፍሬ ነገሩ ጋር መገናኘቱን። የቀረውን እያየሁ አልፋለሁ። ያማል፣ ግን አልፋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ውሉ ላይ «ክፍያው በወቅቱ ይፈጸማል» የሚል ካለ እንዳትፈርሚ። እኔ ሰኔ ላይ ጨርሼ ብሩን ያገኘሁት ኅዳር ነው። «በወቅቱ» ማለት የእነሱ ወቅት መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ልምድ ይበልጣል | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ኮርስ አላምንም። አቤቱታ መጻፍ ክፍል ውስጥ አይሰጥም። እኔን ያስተማረኝ ሬጅስትራር ነው፤ ክስ የሚቀበለው የፍርድ ቤቱ ክፍል። የመጀመሪያ ክሴን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። አራተኛው ጊዜ አልተመለሰም። በቃ፣ ተማርኩ። ቅዳሜሽን ለልጆችሽ ስጪያቸው።

የሬጅስትራር ሰው | ረቡዕ፣ ቀን 7:05

ወንድሜ ልምድ ይበልጣል፣ አንተ በሦስት ምላሽ ተምረህ ይሆናል። እኔ ግን መላሹ ነኝ፣ ሰልፉንም የማየው እኔ ነኝ። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ ይቆይና «የክሱ ግምት አልተጻፈም» ብዬ ስመልሰው ፊቱን ብታየው እንደዚህ አትልም ነበር። ጠበቃው የሚማረው በደንበኛው ጊዜ ነው።

ለእህታችን ይጠቅማት እንደሆነ በየቀኑ የምመልሰው ምን እንደሆነ ልጻፍ። አዲስ ነገር የለውም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ክስ ላይ ምን መኖር እንዳለበት ዘርዝሯል። 223 ደግሞ ምን መያያዝ እንዳለበት ይናገራል። ሕጉ ከ1958 ጀምሮ አለ፤ እኛም ከዚያው እየቆጠርን ነው የምንመልሰው። የክሱ ግምት ካልተጻፈ የዳኝነት ክፍያ ማስላት አንችልም። የተከሳሽ አድራሻ «አዲስ አበባ» ብቻ ከሆነ መጥሪያውን ማን ያደርሳል? የምስክር ስም አለ፣ ምን እንደሚያስረዳ ግን የለም። መጨረሻ ላይ «ያቀረብኩት በእውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የምትለዋን መስመር ደግሞ ስንቱ ይረሳታል። ወይም እሷ ትጻፍና ፊርማው ይቀራል።

ክፍል ውስጥ ሬጅስትራር ሆነሽ ተቀመጪ። ወረቀቱን ተቀበዪ፣ የጎደለ ካለ ዝም ብለሽ መልሺ። አታስረጂ። እኛ አናስረዳም 😄

አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ | ረቡዕ፣ ማታ 2:50

እኔ የተማሪውን ጎን ልንገራችሁ። ሕግ አምስት ዓመት ተምሬአለሁ። ሜሞ ጽፌአለሁ፣ ሙት ኮርት (የማስመሰያ ችሎት ክርክር) ተወዳድሬአለሁ፣ ጥናታዊ ጽሑፌም ጥሩ ውጤት ነበረው። ሁሉም በእንግሊዝኛ። የመውጫ ፈተናውንም በእንግሊዝኛ አለፍኩ።

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት አለቃዬ አንድ ፋይል ሰጠኝና «መልስ አዘጋጅ፤ መቃወሚያም አለን» አለኝ። እሺ ብዬ ወንበሬ ላይ ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «ፕሪሊሚናሪ ኦብጀክሽን»፣ ክሱ ገና ከመነሻው ሊታይ አይገባም የሚለው ክርክር፣ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጣት ጸሐፊዋ ናት በሹክሹክታ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብለህ ጀምር» ያለችኝ። እሷ ሕግ አልተማረችም። እኔ ዲግሪ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ምንድን ነው? የድሮ ፋይል ከፍቼ ገለበጥኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጀምረው። ሰባት ገጽ ያለ አራት ነጥብ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አንዱ ከአንዱ ሲገለብጥ ኖሮ የመጀመሪያውን የጻፈው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እህቴ፣ አማርኛ የምታስገቢ ከሆነ ግቢበት። እንግሊዝኛውን ብቻ ከሆነ ግን እሱን የሚያስተምር ሞልቷል።

አራት ነጥብ | ረቡዕ፣ ማታ 4:10

ይሄ ልጅ ዋናውን ነገር ተናገረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ በአማርኛ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላል። ነጋሪት ጋዜጣም በሁለቱ ቋንቋ ይወጣል፤ ሲጋጩ ግን አማርኛው ነው የሚያዘው። አዋጅ 3/1987 ላይ ተጽፏል። ተማሪው ታዲያ አምስት ዓመት የሚያነበው የማያዘውን ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንዱን ጽሑፍ፣ ሜሞውን፣ በእንግሊዝኛ አሠራለሁ፤ ኮርሱ ይጠይቃል። ሁለቱን በአማርኛ። የትምህርት ክፍሉ አንድ ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። «ልደታ ሄዳችሁ በእንግሊዝኛ ክስ አስገቡና ንገሩኝ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም።

አማርኛውም ቢሆን የራሱ ችግር አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነው፤ አርቃቂው ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው። አማርኛው ትርጉም ነው። አንዳንዱ አንቀጽ ሦስቴ ተነቦም አይገባም። ተማሪው ደግሞ ሕግ ማለት እንደዚያ መጻፍ ነው ብሎ ያድጋል።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የብድር ክስ ነው የምሰጣቸው፤ ቀላል ስለሆነ። ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው፤ ቁጥር 2472። (500 ብር! በ1952 ብዙ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ክትፎ አይበላበትም።) አንድ ተማሪ የጻፈው እንዲህ ይነበባል፤ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ፦

«ከሳሽ ለተከሳሽ በቀን 12/03/2015 ዓ.ም. በተደረገ የብድር ውል ስምምነት መሠረት ብር 180,000 በብድር መልክ የሰጠው ሲሆን ተከሳሽም ይህንኑ ገንዘብ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ለመመለስ ተስማምቶ የተረከበ ቢሆንም የመክፈያ ጊዜው ያለፈ በመሆኑና በተደጋጋሚ ቢጠየቅም ፈቃደኛ ባለመሆኑ ከሳሽን ለከፍተኛ እንግልትና የሞራል ስብራት የዳረገው ስለሆነ...»

አላለቀም፤ ይቀጥላል። ቦርዱ ላይ ጻፍኩትና «ማን ምን አደረገ?» አልኳቸው። አንድ ሰዓት ፈጀብን። የወጣው ይሄ ነው፦

«ተከሳሽ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ከከሳሽ ብር 180,000 ተበድሯል። በ6 ወር ሊመልስ ፈርሟል። የመክፈያው ጊዜ ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. አልፏል። እስከ ዛሬ አልከፈለም።»

«ውል ስምምነት» ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ነው። «በብድር መልክ» ስትል ደግሞ ብድር አይደለም እያልክ ነው፤ የተከሳሽ ጠበቃ ይወድሃል። የሞራል ስብራቱን በዳኝነት ካልጠየቅክበት ለምን ታወራዋለህ? «ሲሆን» እና «ቢሆንም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለአንድ ሴሚስተር ከልክያቸው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ጃንጥላ ሥር | ሐሙስ፣ ጠዋት 1:30

ጋሼ አራት ነጥብ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል።

እኔ ከፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ራፖር ጸሐፊ የምትሉን ነን። ጃንጥላ፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ ካርቦን፣ በኋላ ደግሞ ላፕቶፕና ፕሪንተር። አሁን ሕግ እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ።

እርስዎ ያሳጠሩት አራት መስመር ቆንጆ ነው። ዳኛው ይወደዋል። ግን እኔ ያንን አራት መስመር ጽፌ ብሰጥ ደንበኛዬ አይከፍለኝም። እኛ የሚከፈለን በገጽ ነው። ሰውዬው ወረቀቱን በእጁ ይመዝነዋል። አንዴ አንዲት እናት ልጃቸው ላይ የቀለብ ጉዳይ ነበራቸው። ፍሬ ነገሩን ብቻ በአንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። አነበብኩላቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ያለቀስኩትስ የት አለ?» አሉኝ። ጨመርኩላቸው። ሁለት ገጽ ሆነ። ከፍለውኝ መርቀውኝ ሄዱ።

ረጅሙን የሚያስጽፈን እኮ አለማወቅ ብቻ አይደለም። ሰው በደሉን ሊሰማለት ይፈልጋል። ችሎት ላይ ያንን የሚናገርበት ጊዜ የለውም፤ ዳኛው «በጽሑፍ ያቀረብከው ይበቃል» ይለዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ ማልቀስ አለበት። ይሄን የሚያስተምር ሰው ካለ እኔ መጀመሪያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

አራት ነጥብ | ሐሙስ፣ ቀን 6:20

ስድስት ዓመት ሳስተምር ይሄን ያለኝ የለም። ቁጭ ብዬ ላስብበት።

ቀጠሮ በዛብኝ | ሐሙስ፣ ማታ 3:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጃንጥላ ሥር፣ «ያለቀስኩትስ የት አለ» ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። እኔም ቢሮ ውስጥ ይሄንኑ ነው የምሠራው፤ ደንበኛው እንዲረካ አንድ አንቀጽ ጣል አደርጋለሁ። ለራሴ አላመንኩም ነበር እንጂ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቻት ጂፒቲን ምን ታደርጉታላችሁ? አሁን ማን በራሱ ይጽፋል?

አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ | ሐሙስ፣ ማታ 3:35

አማርኛው ላይ ገና ይንገዳገዳል። «ተከሳሽ በደግነት ተጠይቋል» የሚል አይቻለሁ 😂 ሲነበብ ወዲያው ይታወቃል።

አራት ነጥብ | ሐሙስ፣ ማታ 4:00

ከአማርኛው ይልቅ የሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚታረምበት የመጨረሻው ችሎት፣ የውሳኔ ቁጥር ነው የሚያስፈራው። አንዱ ተማሪዬ ስለ ሥራ ስንብት ጽፎ የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448ን ጠቀሰ። ይሄን ቁጥር የማያውቅ ጠበቃ የለም፤ የቤት ሽያጭ ነው! የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም የተባለበት። ስለ ስንብት አንድ ቃል የለበትም። «ከየት አመጣኸው?» ስለው አቀረቀረ።

ከ1997 ወዲህ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የተሳሳተ ቁጥር ጠቅሰህ ችሎት ብትቆም መሳቂያ ነህ። አሁን መመሪያዬ ቀላል ነው። የሰበር ውሳኔ የጠቀሰ ሁሉ ውሳኔውን አትሞ ያያይዛል፤ የተጠቀመበትንም መስመር በእርሳስ ያሰምራል። በመሣሪያው ጻፈ አልጻፈ ግድ የለኝም። ያሰመረበትን ግን ማንበቡ አይቀርም።

አንድ ጽሑፍ ደግሞ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ፣ በ50 ደቂቃ አስጽፊ። ያኔ የማን ድምፅ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ልምድ ይበልጣል | ዓርብ፣ ጠዋት 3:10

እሺ፣ ግቢበት። ግን በክረምቱ ፍርድ ቤት በከፊል ዝግ ነው፤ የክረምት ኮርስ ካለ እሱን ጠይቂ። ቢያንስ ብዙ ቀጠሮ አይጋጭብሽም። እኔ እንደሆንኩ አሁንም አላመንኩም።

ቀጠሮ በዛብኝ | ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 2:20

ምን ሆነች ላላችሁኝ፤ ገባሁበት።

መጀመሪያ ውሉን ላኩልኝ። የሕግ ትምህርት ቤት ውል ነው እንግዲህ! ሦስተኛው አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃላቱን ቆጠርኩ፣ 71። «ክፍያውም በወቅቱ የሚፈጸም ሲሆን» ይላል። ጋሼ አራት ነጥብ ትዝ አሉኝ። በአምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍኩትና መለስኩ። «ውጤት በገባ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል» አልኩ። ለእርማትም የሰዓት ክፍያ ጠየቅኩ። 30 ቀኑን ተቀበሉ። እርማቱን አልተቀበሉም። ግን ክፍሉን ለሁለት ከፈሉልኝ፤ 24ቱን እኔ ያዝኩ፣ 24ቱን ሌላ ሰው። ከገንዘቡ ይሄ በለጠብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 2:30 ላይ ከስታዲየም በኩል ስመጣ መንገዱ ባዶ ነው። ተማሪዎቹ ግን ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አንድ ሳጅን አለ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ አንዲት የችሎት ጸሐፊ፣ ከሌሊት ተረኛነት ቀጥታ የምትመጣ ነርስ። ሳጅኑ ሁሉንም ነገር «በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት» ብሎ ይጀምራል። ቀኑንና ሰዓቱን ግን የትም አልጠቀሰም። ጸሐፊዋ ከሁሉም ትበልጣለች። የሰው ስህተት ስትተይብ ኖራለች።

የሬጅስትራር ሰው ያለውን ሞከርኩት። ጠረጴዛ በሩ ላይ አወጣሁ፤ ወረቀታቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከ24 ውስጥ 19 መለስኩ፣ ምንም ሳላስረዳ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተናደዱ፣ ከዚያ 222ን አውጥተው እርስ በርስ ማረም ጀመሩ። እኔ ሻይ ጠጣሁ።

ትናንት ደግሞ የጃንጥላ ሥርን ነገር አነሳሁ። ሦስት መስመር ለፍሬ ነገር፣ ሦስት መስመር ለለቅሶ ሰጠኋቸው። ለቅሶው ግን እንደ ፍሬ ነገር መጻፍ አለበት አልኩ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ምን ሆነ። «ለከፍተኛ እንግልት ዳርጎኛል» ክልክል ነው። ነርሷ የጻፈችው ይሄ ነው፦ «ተከሳሽ የቀለቡን ገንዘብ ካቆመ ሦስት ወሩ ነው። ልጁ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አልተመዘገበም። አሁን ከእናቱ ጋር ጉልት ይውላል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሳጅኑ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ግን ይሄ አጭር ነው፤ ደንበኛው ለዚህ ይከፍላል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጃንጥላ ሥር፣ አንተ ብትሆን ምን ትለዋለህ?

ጃንጥላ ሥር | እሁድ፣ ማታ 3:05

ለደንበኛው ጮክ ብሎ ያንብብለት። ከዚያ ዋጋውን ይንገረው። «ጉልት ይውላል» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ቀስ ይበል።

የክፍልሽ ቁጥር ስንት ነው? ቅዳሜ መጥቼ ኋላ ብቀመጥ ያባርሩኛል?